ወደ ሰማይ የላክነው ደብዳቤ

«ሰማይ አይታረስ፤ ንጉሥ አይከሰስ» ይላሉ አባቶቻችን። የዚህ ተረት ሁለተኛው ክፍል ለታሪክ መምህራችን ይቆይና፣ እኔ ስለ መጀመሪያው ጥቂት ልጻፍ። ሰማይ አይታረስም ማለት በሬ ጠምዶ የሚወጣበት መንገድ የለም፣ የተዘራውም አይበቅልበትም ማለት ነው። እኛ ግን፣ በሳይንስ ክበብ ውስጥ ያለን አምስት ተማሪዎች፣ ባለፈው ዓመት ሰማይን ባናርሰው እንኳ አንድ ደብዳቤ ልንዘራበት ሞከርን። የበቀለው ግን እኛ ያሰብነው ሳይሆን ሌላ ነው። የመጽሔታችን አዘጋጆች ነገሩን ጻፍ ስላሉኝ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ለውድ አንባቢያን አቀርባለሁ።

የነገሩ መጀመሪያ አንድ ፎቶግራፍ ነው። የፊዚክስ መምህራችን ስለ አየር ግፊት ሲያስተምሩ ሳሉ በስልካቸው አንድ ሥዕል አሳዩን። ከላይ ሰማዩ እንደ ሌሊት ጠቁሯል፤ ከታች ደመናው ነጭ ሆኖ ተነጥፏል፤ በመካከል የምድር ጠርዝ እንደ ምጣድ ዳር ጎበጥ ብሎ ይታያል። «ይህን ያነሣው ማን ይመስላችኋል?» ሲሉ ጠየቁን። አንዱ «አሜሪካኖች ናቸው» አለ፤ ሌላው «ሳተላይት ነው» አለ። መምህራችን ፈገግ ብለው «እንደ እናንተ ያሉ ተማሪዎች ናቸው» አሉን።

እውነትም ነበር። በስፔን አገር፣ በካታሎኒያ፣ ላ ቢስባል በምትባል ከተማ ባለ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚማሩ አራት ልጆች ከመምህራቸው ጋር ሆነው የካቲት 21 ቀን 2001 ዓ.ም. አንድ የጎማ ፊኛ ካሜራና የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ አሸክመው ለቀቁ። ፊኛውም 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወጥቶ የምድርን መልክ አነሣላቸው። ከጥቂት ወራት በኋላም ሁለት የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪዎች ከ150 የአሜሪካ ዶላር ባነሰ ወጪ ይህንኑ አደረጉ። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ያሉ ተማሪዎች ይህን ሥራ ይሠሩታል።

አሠራሩ ለመናገር ቀላል ነው። ፊኛው ሂሊየም ወይም ሃይድሮጅን ይሞላል። እነዚህ ጋዞች ከአየር ስለሚቀሉ ፊኛው በደቂቃ 300 ሜትር ያህል ይወጣል። ወደ ላይ በሄደ ቁጥር በዙሪያው ያለው አየር ስለሚሳሳ ፊኛው እየተነፋ፣ እየተነፋ ይሄዳል። 30 ኪሎ ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ከመቶ አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። እዚያ ሲደርስ ከቤት የሚበልጥ ሆኖ ይፈነዳል። ከዚያ በኋላ ትንሽ ጃንጥላ ተዘርግታ ሣጥኑን ቀስ አድርጋ ታወርደዋለች። በሣጥኑ ውስጥ ካሜራ፣ ባትሪ፣ ያለበትን ቦታ የሚናገር ጂፒኤስና ሬዲዮ ይኖራል። በእኛ አገር ሰማይ ላይ 16 ወይም 17 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ያህል ስለ ሆነ፣ ባትሪው እንዳይሞት ሣጥኑ ከፎም ይሠራል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣን። ከመቱ ፊኛ ብንለቅ ምን ምን ሊታይ እንደሚችል ስንከራከር እንውል ጀመር። አንዱ የሶር ፏፏቴ ይታያል ሲል፣ ሌላው ባሮ ወደ ጋምቤላ ሜዳ ሲወርድ ይታያል ይላል፤ እኔ ደግሞ የጎሬ ከተማ ከነተራራዋ ትታያለች እል ነበር። የሚያስፈልገንን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በተራ ስንጽፍ ግን ደስታችን ቀዘቀዘ።

በመጀመሪያ ሂሊየም የሚሸጥልን ሰው መቱ ላይ አላገኘንም። ሃይድሮጅን ርካሽ ነው፤ ነገር ግን እሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 ሂንደንቡርግ የተባለው የጀርመኖች ታላቅ የአየር መርከብ ሃይድሮጅን ተሞልቶ ሲበር ቆይቶ፣ አሜሪካ ሊያርፍ ሲል ተቃጥሎ 36 ሰዎች እንደ ሞቱ መምህራችን ነገሩንና «በዚህ ግቢ ውስጥ ሃይድሮጅን የሚባል ነገር እንዳላይ» ብለው አስጠነቀቁን።

ሁለተኛው ፈቃድ ነው። ሰማይ ባዶ ቢመስልም የአይሮፕላን መንገድ ነውና፣ ይህን የሚያህል ፊኛ የሲቪል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት ሳያውቅ አይለቀቅም። ነገሩ ቀልድ አለመሆኑን ከአንድ ወሬ ተረዳን። የካቲት 4 ቀን 2015 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ ተዋጊ አይሮፕላን በካናዳ፣ በዩኮን ግዛት ሰማይ ላይ ምንነቱ ያልታወቀ ነገር መትቶ ጣለ። በዚያው ሰሞን በኢሊኖይ የሚገኙ የፊኛ ወዳጆች ማኅበር፣ ትንሽ ሬዲዮ ያሰሩባት ፊኛቸው በአላስካ አጠገብ እንደ ጠፋችባቸው አስታወቁ። የተመታችው እርሷ መሆኗ አልተረጋገጠም። ቢሆንም የመዝናኛ ፊኛ እንኳ ከጦር አይሮፕላን ጋር ሊገናኝ እንደሚችል አሰብንና ደነገጥን።

ሦስተኛው ከሁሉ የከፋ ነበር። የወደቀውን ሣጥን ማን ያገኘዋል? አገራችን ኢሉባቦር ደን ናት። ቀረሮው፣ ዋንዛው፣ በሥራቸውም ቡናው ተደራርቦ በቆመበት ምድር ውስጥ፣ የጫማ መያዣ የምታህል ሣጥን መፈለግ በጤፍ ክምር ውስጥ መርፌ ከመፈለግ አይሻልም።

እንዲህ ተስፋ ቆርጠን ሳለ አጎቴ ከአዲስ አበባ ሊመጣ መሆኑን ሰማሁ። ለልደትና ለሠርግ ጌጥ የሚሸጠውን፣ ብር የሚመስለውን፣ ሁለት ክንድ ያህል ስፋት ያለውን ፊኛ ሂሊየም አስሞልቶ እንዲያመጣልኝ በስልክ ለመንሁት። «ሰው ምን ይለኛል?» ብሎ ጥቂት አንገራገረ፤ ነገር ግን አላሳፈረኝም። ጅማ አድሮ 600 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በአውቶቡስ ይዞት ሲመጣ፣ ተሳፋሪው ሁሉ «ሠርጉ የማን ነው?» እያለ ሲያሾፍበት እንደ ሰነበተ በቁጣም በሣቅም ነገረኝ። ቀጥሎም «ይህ ፊኛህ ጠባይ የለውም፤ ጊቤ በረሃ ስንወርድ ሟሸሸ። ተነፈሰ ብዬ ልጥለው ስል በደሌ ላይ እንደገና ሞላ አለ። አሁን መቱ ስንገባ ደግሞ ይኸው ላላ» አለኝ።

ፊኛው ጠባይ አጥቶ አልነበረም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። የጊቤ ሸለቆ 1,100 ሜትር ያህል፣ በደሌ 2,000፣ መቱ 1,600 ገደማ ናቸው። ዝቅ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚከብድ ፊኛውን ይጨምቀዋል፤ ከፍ ባለ ቦታ ይለቀዋል። እኛ የቦይል ሕግ ብለን በቃላችን የያዝነውን ነገር፣ አጎቴ ሳያውቀው በአውቶቡስ ላይ ፈትኖ አመጣልን።

ይህ ፊኛ ካሜራ ሊሸከም አይችልም። የሚችለው አንድ ወረቀትና ጥቂት ክር ነው። ስለዚህ ደብዳቤ እንላክ አልን። ደብዳቤውም የት እንደሚወድቅ አስቀድመን መተንበይ አለብን ብለን መጽሐፍና ካርታ ዘረጋን። በክረምት ወራት ከ12 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከሕንድ አገር በኩል ወደ አፍሪካ፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚገሰግስ ብርቱ ነፋስ እንዳለ አነበብን። እንግዲያውስ ፊኛችን ወደ ምዕራብ ሄዶ፣ በቀጥታ መስመር 110 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ወደ ጋምቤላ ይወርዳል አልን። ደብዳቤውን በኦሮምኛና በአማርኛ ጻፍነው። ጋምቤላ የሚወድቅ ከሆነ በአኝዋክና በኑዌር ቋንቋም መጻፍ ነበረበት፤ ነገር ግን ከመካከላችን የሚችል አልተገኘም። ቃሉ አጭር ነበር። «ይህን ወረቀት ያገኙ ሰው ሆይ፤ እኛ የመቱ ተማሪዎች ነን። ያገኙበትን ቦታና ቀን ቢያስታውቁን ውለታዎ አይረሳንም» ይል ነበር። ከሥሩ የትምህርት ቤታችንን ስም ጻፍንና በላስቲክ ጠቀለልነው።

ግንቦት 24 ቀን ጧት፣ ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ አባርቶ፣ ሣሩ ገና ጤዛውን ሳያራግፍ ኳስ ሜዳው ላይ ተሰበሰብን። የታናናሽ ክፍል ልጆች አጥሩ ላይ ተንጠላጥለው ይመለከቱን ነበር። ክሩን የያዝሁት እኔ ነበርሁ። ስለቀው እንደ ወፍ ሽቅብ የሚተኮስ መስሎኝ ነበር፤ እርሱ ግን ዝግ ብሎ፣ ፀሐይ እየመታው እያብለጨለጨ፣ ከባሕር ዛፉ ጫፍ በላይ ወጣ። ልጆቹ እልል አሉ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደ ሳንቲም አነሰና ደመና ውስጥ ገባ። ያን ጊዜ በልቤ የተሰማኝን ሳልደብቅ ልናገር። ኩራት ነበር። ከዚህች ከተማ ወደ ላይ የሄደ ነገር የእኔን የእጅ ጽሑፍ ይዞ ሄደ ብዬ ኰራሁ።

አንድ ሳምንት አለፈ፤ ከጋምቤላ የመጣ ወሬ የለም። ሁለት ሳምንት አለፈ። የዓመቱ ፈተና ደረሰና ነገሩን ረሳነው። ኳስ ሜዳውን ባየሁ ቁጥር ግን የሰው ፊት እንዳሳፈረኝ ያህል ቶሎ አልፈው ነበር።

በሰኔ ወር አጋማሽ፣ በገበያ ቀን፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ወደ ክፍላችን መጥቶ አንድ ሽማግሌ በር ላይ እንደሚጠብቁን ነገረን። ስንወጣ ጋቢ የደረቡ፣ በትር የያዙ፣ ክንዳቸው በንብ መርዝ ያበጠ አረጋዊ ቆመዋል። ከከረጢታቸው ውስጥ ያን የብር ቀለም ፊኛ እንደ ነጠላ አጣጥፈው አወጡና ሰጡን። ደብዳቤው አልረጠበም። ሽማግሌው ማር ቆራጭ ናቸው፤ የመጡት ከጋምቤላ ሳይሆን በተቃራኒው ከምሥራቅ፣ ከያዮ በኩል ካለው ደን ነው።

እጅ ነስተን ስናመሰግናቸው በኦሮምኛ እንዲህ አሉን፤ «ልጆቼ፣ ከምስጋናው በፊት ነገር አለኝ። የላካችሁት ነገር ቀፎዬ ከተሰቀለበት ዛፍ ላይ ወድቆ ክሩ ቀፎውን አነቀው። ንቦቹ ተቆጥተው ይኸው እጄን እንዲህ አደረጉት። መሬት ወድቆ ጥጃ ቢበላውስ ኖሮ ማንን እከስ ነበር?»

መልስ አልነበረንም። አንገታችንን ደፍተን «ይቅር ይበሉን፣ አባባ» አልን። ሽማግሌው በትራቸውን ተደግፈው ጥቂት ዝም አሉና፣ ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው «ለመሆኑ ምን አየ?» ሲሉ ጠየቁን።

«ማን?» አልሁ።

«ይኸው የላካችሁት። ልጄ ወረቀቱን አንብቦልኛል፤ ተማሪዎች ወደ ሰማይ የላኩት ነው አለኝ። ያን ያህል ከወጣ ደኑን ከላይ አይቶታል። እኔ ደኑን የማውቀው ከሥሩ ነው። በአባቴ ዘመን ቀፎ የምንሰቅልበት ቀረሮ በደኑ መካከል ነበር፤ ዛሬ በበቆሎ ማሳ ውስጥ ብቻውን ቆሟል። በሌላው ወገንም እንዲህ ሆኗል ወይስ በእኔ በኩል ብቻ ነው? ይህን ነግራችሁኝ እሄዳለሁ ብዬ መጣሁ።»

«ምንም አላየም፣ አባባ። ዓይን አልነበረውም» ብዬ መለስሁ። ይህን ስናገር ፊቴ እንደ እሳት ነደደ። እኒህ አረጋዊ ሰው የግማሽ ቀን መንገድ የመጡት ስማችንን ሊነግሩን ወይም ሊያሞግሱን አልነበረም፤ እውቀት ሊጠይቁን ነበር። እኛ ግን ፊኛውን የላክነው እንዲሄድልን ብቻ ነበር።

ሽማግሌው አልተቆጡም። «እንግዲያው ሌላ ጊዜ ዓይን ያለው ላኩ» ብለው ወደ ገበያቸው ሄዱ።

በዚያ ማታ ከመምህራችን ጋር ተቀምጠን ስሕተታችንን መረመርን። የነፋሱ ነገር ቶሎ ተገኘ። ያነበብነው የምሥራቅ ነፋስ የሚነፍሰው እጅግ ከፍ ብሎ ነው። በታችኛው ሰማይ ግን በክረምት ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብና ከምዕራብ እርጥብ አየር ይዞ ይመጣል። ጎሬን በአማካይ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ የሚያጠጣት ይህ ነፋስ ነው። ያ የጌጥ ፊኛ እንደ ጎማ የሚለጠጥ ስላልሆነ ብዙ ሳይወጣ ከዝናብ አምጪው ነፋስ ጋር ወደ ያዮ ሄደ። ሰማይ አንድ ሳይሆን እንደ ፎቅ ቤት ተደራራቢ መሆኑን ተማርን።

የሽማግሌው ጥያቄ ግን እንዲህ በቀላሉ አልተለቀቀንም። መምህራችን የቴስራን ደ ቦርን ታሪክ ነገሩን። ይህ ፈረንሳዊ ከመቶ ዓመት በፊት ከ200 በላይ ፊኛዎች ሙቀት መለኪያ እያሸከመ ለቀቀ። ጥያቄው አንድ ነበር፤ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ብርዱ ሳያቋርጥ ይጨምራልን? መሣሪያው ግን ከ11 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ ብርዱ መጨመሩን እንደሚያቆም ነገረው። ፀሐይ መሣሪያውን አሙቃው እንደ ሆነ ብሎ ስለ ተጠራጠረ በሌሊት እየለቀቀ ፈተነው፤ መልሱ ያው ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1902 ዛሬ ስትራቶስፌር የምንለውን ክፍል ለዓለም አስታወቀ። ፊኛውማ ከእርሱ በፊትም ነበር፤ ሰው በፊኛ ከበረረ እንኳ እ.ኤ.አ. ከ1783 ጀምሮ ነው። እርሱ የጨመረው ጥያቄውንና ትዕግሥቱን ነው።

አገራችንም ከሰማይ የሚያይ ዓይን ለማግኘት ደክማለች። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር የመጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን፣ 70 ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝነው ኢቲአርኤስኤስ-1፣ የተሠራችው እርሻን፣ ደንንና የመሳሰለውን እንድትመለከት ነበር። የያዮ ደንም የዱር ቡና የሚበቅልበት በመሆኑ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ነገር ግን ሳተላይት ያየችው ነገር የማር ቆራጩ ደጅ ድረስ ካልደረሰ፣ ለእርሳቸው ከእኛ ዓይነ ስውር ፊኛ በምን ይለያል?

ስለዚህ አንድ ነገር ቆረጥን። ክረምቱ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ፣ በጥቅምት፣ 50 ሜትር ገመድ ይዘን ወደ ሽማግሌው አገር ሄድን። ትኩስ ማር በዳቦ አቀረቡልን፤ ከዚያም ያን ብቸኛ ቀረሮ አሳዩን። ገመዳችንን ከግንዱ ጀምረን እስከ ዛሬው የደን ዳርቻ በበቆሎው መካከል ዘረጋን። ሰባት ገመድ ሆነ፤ ይኸውም 350 ሜትር ነው። ሽማግሌው ቁጥሩን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁና «እኔ ሳስበው ከዚህ ያነሰ ይመስለኝ ነበር» አሉ። በማሳው ውስጥ ያገኘነው ገበሬ ግን «እኔስ ልጆቼን ምን ላብላ?» አለን። ይህንንም በደብተራችን ጻፍነው፤ እርሱም ጥያቄ ነውና።

ውድ አንባቢያን፤ እስካሁን ካሜራ የተሸከመ ፊኛ አልለቀቅንም። ገንዘቡ አልሞላም፤ የፈቃዱ ማመልከቻ ገና በመጻፍ ላይ ነው። ነገር ግን ባለፈው ዓመት በጥቁር ሰሌዳው ላይ ያልጻፍነው ነገር ዛሬ ከሁሉ በላይ ተጽፎ ይገኛል። እርሱም «ምን እንዲያይልን እንፈልጋለን? ያየውንስ ለማን እንነግራለን?» የሚለው ነው። ደኑ በአንድ ወገን 350 ሜትር እንደ ሸሸ በእግራችን ሄደን አውቀናል። በሌሎቹ ወገኖች ስንት እንደ ሸሸ በእግር ለክቶ መጨረስ አይቻልም። እንግዲህ ፊኛው ሥራ አግኝቷል።

እኔ በዚህ ዓመት ትምህርቴን ጨርሼ፣ እግዚአብሔር ቢፈቅድ፣ ወደ ሌላ ከተማ እሄዳለሁ። ብዙዎቻችን እንሄዳለን፤ ቤተ ሰቦቻችንም እልል ብለው ይሸኙናል። ክበቡን ለምትረከቡ ታናናሾቼ የማወርሳችሁ ሰባቱን ገመድ የጻፍንበትን ደብተርና ያን የተጣጠፈ የብር ቀለም ፊኛ ነው። ስትለቁ ክሩን አሳጥሩ፤ ንብም ጥጃም አለ። በሣጥኑ ላይ የምትጽፉትን በሰፈሩ ቋንቋ ጻፉ። ሥዕሉ በእጃችሁ የገባ ዕለት ደግሞ መጀመሪያ የሚያየው በያዮ መንገድ ያሉት ሽማግሌ ይሁኑ። እኔም የትም ብሆን፣ ከሄድሁበት ስመለስ የሚጠይቁኝ ያንኑ መሆኑን አውቄ፣ ከአሁኑ መልሴን ላዘጋጅ።